ብሩስኬታ ከእሸት ጋር፦ አዲስ አበባ ላይ መቼ፣ በምን ዳቦ፣ በየትኛው ቅጠል?

የካዛንቺሷ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጣሊያን ሀገር በሚያዝያ የሚሠራውን የአረንጓዴ አትክልት ብሩስኬታ፣ የተጠበሰ ዳቦ ላይ የሚደረገውን፣ እዚህ መሥራት ፈልጌ ነበር፤ ባቄላ፣ አተር፣ አስፓራገስ፣ ናና፣ ከላይ ሪኮታ የሚሉት ለስላሳ አይብ ያለበትን። ገበያው ላይ እሸት የሚባል የለም፣ ዳቦውም ዘይቱ ሲነካው ይላሽቃል። ለስድስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁራጭ። የምታውቁ እስቲ ጻፉልኝ።

ከአራት ኪሎ፦
እህቴ፣ የተሳሳትሽው ወሩን ነው። የእኛም ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ስለሆነ በስም ከጣሊያኑ ጋር ይገጥማል፤ የባቄላና የአተር እሸት ግን ክረምቱን ጠጥቶ ነው የሚደርሰው። በደንብ የሚገኘው ጥቅምት ላይ ነው። የሽምብራ እሸት ደግሞ ዘግይቶ፣ ታኅሣሥ አካባቢ በነዶ ታስሮ ይመጣል። ሮማውያን ሜይ 1 ቀን ጥሬ ባቄላ ከፔኮሪኖ አይብ ጋር ይበላሉ፤ የእኛ እሸት የሚደርሰው በጽጌ ጾም ስለሆነ አይቡን ትተሽ በወይራ ዘይት ብቻ ብትሠሪው ሌላ ምንም ሳትቀይሪ የጾም ምግብ ሆነ ማለት ነው።

ስትገዢ አንዱን ፈልፍለሽ እዪው። ፍሬው ከገለባው ጋር የተያያዘበት ዐይን አረንጓዴ ከሆነ ለጋ ነው፤ ከጠቆረ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ለንፍሮ ይሁን። 1 ኪሎ ከነገለባው ተፈልፍሎ 300 ግራም ገደማ፣ ቆዳው ሲላጥ ደግሞ 200 ግራም ይሆናል። ለ12 ቁራጭ 2 ኪሎ ባቄላና ግማሽ ኪሎ አተር ይበቃሻል።

አቀቃቀሉ ላይ ልብ በይ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፤ ውኃው የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጣሊያኖቹ 2 ደቂቃ ካሉ እዚህ 3 ደቂቃ አድርጊው። 2 ሊትር ውኃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ በደንብ ሲንተከተክ ትጨምሪያለሽ። ክዳን አትክደኚ፤ ከአትክልቱ የሚወጣው አሲድ በእንፋሎት ካልሄደ አረንጓዴው ይወይባል። አውጥተሽ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ የባቄላውን ቆዳ በጥፍርሽ ጫር አድርገሽ በሁለት ጣት ስትጫኚው ፍሬው ፈልቆ ይወጣል። ግማሹን በሹካ ደፍጥጪ፣ ግማሹን እንዳለ ተዪው። 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ 10 ቅጠል ናና በእጅ የተቀደደ። ሎሚው መጨረሻ ላይ፣ ሊቀርብ ሲል ነው። ቀድመሽ ከጨመቅሽበት ያ የለፋሽበት አረንጓዴ ትንሽ ቆይቶ የደረቀ ቅጠል ይመስላል።

አንድ ነገር፦ ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ፣ በተለይ ጥሬው፣ ቀይ የደም ሴላቸውን ሊያፈርስባቸው ይችላል። እንግዶችሽን ቀድመሽ ጠይቂ።

ጋሼ ከፒያሳ፦
ብሩስኬታ የሚለው ስም በሮማውያን አነጋገር ብሩስካሬ፣ ማለትም ፍም ላይ መጥበስ፣ ከሚለው የመጣ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ዳቦው ነው። «ብሩሼታ» አትበሉ፣ «ስኬ» ነው።

የሰፈር ፉርኖ ለስላሳ ነው፤ ስኳር የገባበት ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ ይጠቁራል። ውስጡ ገና ጥጥ እንደሆነ ነው የምትዘይቱት፣ የሚላሽቀውም ለዚህ ነው። የትናንቱን ያዙ። 1 ሴንቲ ተኩል ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡና ሳይሸፈን ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። ሜዳውን ድፎ ዳቦ፣ ጥቁር አዝሙድ የሌለበትን፣ በማግሥቱ ቆርጣችሁ ብትጠብሱት ከፉርኖው በብዙ ይሻላል። አዝሙድ ያለበት ባቄላውን ይጋፋዋል።

ከሰሉ ነበልባሉ ሞቶ ዐመድ ሲለብስ ሽቦውን ከላይ ጣዱ። አንዱ ወገን 2 ደቂቃ፣ ሌላው ከዚያ ትንሽ አጠር። ጠርዙ ጠቆር ቢል ግድ የለም፣ መሐሉ ወርቅማ ይሁን። እንደ ወረደ፣ ጣት እያቃጠለ፣ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት አንድ ጊዜ ብቻ አሹት። የተጠበሰው ዳቦ እንደ መፋቂያ ሆኖ ሽንኩርቱን ራሱ ይፈቀፍቀዋል፤ ሁለቴ ሦስቴ ካሻችሁት ሌላ ነገር አይቀመስም። ቀጥሎ ዘይት፣ ጨው፣ አትክልቱ። ቅደም ተከተሉ እንዳይፋለስ፤ ዘይቱ ከቀደመ ሽንኩርቱ ይንሸራተታል እንጂ አይያዝም። አትክልቱ ከተደረገበት በኋላ ከ5 ደቂቃ በላይ አታስቀምጡት።

የዘይቱ ጠርሙስ ላይ ኤክስትራ ቨርጂን የሚለውን እዩ። ፖማስ የሚለው ከጭማቂው በተረፈው አተላ ላይ የሚወጣ የተጣራ ዘይት ነው፤ ለመጥበሻ ይሆናል፣ ጥሬውን ዳቦ ላይ ለማፍሰስ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከራስ መኮንን ድልድይ፦
ጋሼ፣ ከሰል የሌለው አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ምን ያድርግ? የኤሌክትሪክ ምጣዱ አይሆንም?

ጋሼ ከፒያሳ፦
ይሆናል ልጄ። በደንብ አግለው፣ ክዳኑን አትድፋ፤ ከከደንከው እንፋሎቱ ተመልሶ ዳቦውን ያለሰልሰዋል። ምጣዱን ዘይት አታስነካ፣ ኋላ እንጀራው አልነሳ ይልሃል።

የጎላዋ፦
ስለ ቅጠሉ እኔ ልበል። በሶብላ ጣሊያኖቹ ባዚሊኮ የሚሉት ቅጠል ዘመድ ነው፣ ግን ጠረኑ ይበረታል። አበባ ካወጣ ደግሞ ሽሮ ሽሮ ይሸታል። ለጋውን ቅጠል ብቻ ልቀሚ፤ ጣሊያኖቹ 12 ቅጠል ባዚሊኮ ካሉ 3 ወይም 4 ይበቃል። የሚሄደው ከቲማቲም ጋር ነው፣ ከባቄላው ጋር ናና ይሻላል። ጦስኝ አጥንቱን ትተሽ ቅጠሉን አራግፊና ከሱ ሩብ የሻይ ማንኪያ ወስደሽ ለብ ያለ ዘይት ውስጥ ጨምሪው። የጥብስ ቅጠል ካልደቀቀ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ጤና አዳምን ለቡናው ተዪው፤ ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለሽ ጨርሶ አታቅርቢው።

ፐርሰሜሎና ናና ጥሬ ስለሚበሉ አጥበሽ አጥበሽ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት የሚጠጣው የከተማው ፍሳሽ የገባበትን ውኃ ነው። ኮምጣጤና በረኪና ብቻቸውን አያድኑሽም፣ የወስፋት እንቁላል ሁለቱንም ይቋቋማል። የሚያስወግደው እያንዳንዱን ቅጠል በሚፈስ ንጹሕ ውኃ በጣት ማሸት ነው። የተጠራጠርሽውን ቅጠል ቀቅለሽ ተጠቀሚ፤ ቆስጣ ለምሳሌ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ በነጭ ሽንኩርት ጠበስ ጠበስ ተደርጎ ከማንኛውም አስፓራገስ አያንስም። በእኔ ቤት እንዲያውም ይበልጣል።

የካዛንቺሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጾም ካልሆነ በሪኮታው ፋንታ አይብ ይሆናል? እስከ ጥቅምትስ ምን ልሥራ?

ከአራት ኪሎ፦
አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ይደርቃል፣ ይኮመጥጣልም። 200 ግራም አይብ በንጹሕ ጨርቅ አጣርተሽ በ2 የሾርባ ማንኪያ ወተትና በ1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በሹካ ምቺው፣ ጨው ቆንጠር። በገዛሽበት ቀን ተጠቀሚበት። ዳቦው ላይ መጀመሪያ እሱን ቀቢ፣ ባቄላው ተጣብቆ ይቀመጥልሻል፣ አይንከባለልም።

እስከ ጥቅምት ቲማቲም ነው። ስድስት ጠንካራ ቲማቲም፣ 600 ግራም ያህል፣ ለሁለት ሰንጥቀሽ ፍሬውን ከነውኃው አውጪ። በ1 ሴንቲ ክተፊ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሺበትና ወንፊት ላይ 15 ደቂቃ ተዪው። ይህን የዘለለ ሰው ነው «ዳቦው ላሸቀ» የሚለው። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው፣ ጣዕሙ ይሞታል። ፎሶሊያም ይሆናል፤ 6 ደቂቃ ቀቅለሽ በሰያፍ ቁረጪው። ዝኩኒ በስሱ ተሸንሽኖ ምጣድ ላይ ያለ ዘይት ይጠበስ።

የጎላዋ፦
ረስቼው፦ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጦስኝ የነከርሽበትን ዘይት መደርደሪያ ላይ አታቆዪ። ዘይቱ አየር ስለሚዘጋበት ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይራባበታል፣ በጠረኑም በጣዕሙም ላታውቂው ትችያለሽ። የሚበቃሽን ብቻ አዘጋጂ፤ ከተረፈ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ቀን በኋላ ይደፋ።