ቤቴ ገዢ አጣ፤ ዋጋ ልቀንስ ወይስ ላከራየው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቤቴን ለመሸጥ አውጥቼ መሃል ላይ ቀርቻለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ገበያው ቀዝቅዟል። ሰው መጥቶ ያያል፣ «ደስ ይላል፣ እንደዋወላለን» ይላል፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም።

ደላላው ዋጋ ቀንስ ይለኛል። ለእሱ ቶሎ ቢሸጥ ይሻለዋል፤ አልፈርድበትም። ግን ምን ያህል? ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ ብሄድ ገዢው «ገና ይወርዳል» ብሎ የሚጠብቅ ይመስለኛል። አንዴ ደህና አድርጌ ብቀንስ ደግሞ እንዳይቆጨኝ። ጎረቤቶች የሚጠሩትን ዋጋ አውቃለሁ፤ የሸጡበትን ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

አንድ የምር የሚፈልግ ገዢ አለ። ችግሩ፣ የሚከፍለኝ የራሱ ቤት ሲሸጥ ነው። እሱም እንደኔው ገዢ እየጠበቀ ነው እንግዲህ! ቀብድ ልቀበለው? ቀነ ገደብ አስቀምጬ፣ እስከዚያ ሌላ ገዢ ከመጣ የመሸጥ መብቴን ብይዝስ? እንዲህ ያለ ውል የተዋዋለ ሰው አለ?

ማከራየትንም አስቤያለሁ። ኪራዩ ግን የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ አይሸፍንልኝም። ራሱ ሊኖርበት የሚፈልግ ገዢ ደግሞ ተከራይ ያለበትን ቤት ይሸሻል።

እዚህ ውስጥ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ የትኛውን መረጣችሁ?