የዕቅድ ውይይት፦ ለክብደት ፋንክሽኖች ሌብል ይግባ

ጸሐፊ፦ ደረሰኝ ላይ ከዜሮ በታች ኪሎ የወጣበት የመጋቢቱ ጉድ እንዳይደገም ነው። በፕሮግራማችን ውስጥ የተጣራ ክብደት የሚያወጣው ፋንክሽን (ስሌቱን የሚሠራው የኮድ ክፍል) ሁለት ቁጥር ይቀበላል፤ ጠቅላላውንና የጆንያውን። ሁለቱም ፍሎት፣ ነጥብ ያለው ቁጥር፣ ናቸው። ተገላብጠው ቢገቡ ኮዱን የሚተረጉመውና ስህተት የሚነግረን ኮምፓይለር ትንፍሽ አይልም። ኮዱ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በኦካምል፣ ሌብል አለ፤ ለአርጉመንቱ፣ ማለትም ፋንክሽኑ ለሚቀበለው ቁጥር፣ የሚለጠፍ ስም ነው። አርጉመንቱን በስሙ ከጠራችሁት ቅደም ተከተሉ አያሳስብም። ሁሉም ፋንክሽን ይቀየር። ማን ይሠራል?

የአጂፕ ልጅ፦ እኔ አለሁ። ቅዳሜ እጀምራለሁ።

ነባር አባል፦ አዲስ ነገር አታምጡብን።

ጸሐፊ፦ አዲስ? በፈረንጆች 2000 የገባ ነው!

ገንዘብ ያዥ፦ ከዜሮ በታች ኪሎ ያለበትን ደረሰኝ ይዤ ሕርማታ ድረስ ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩት እኔ ነኝ። ክፍያችን እስካሁን ተይዟል። ይሠራ። ግን ፈረሱላ የሚለው ሌብል በላቲን እንዴት ይጻፋል? በቁቤ ወይስ እንደ እንግሊዝኛው?

ጀማሪው፦ በቁቤ ነዋ። ጅማ እኮ ነን።

ነባር አባል፦ ኪሎ በሉትና ተገላገሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንዱን ካንዱ የቀላቀልክ ቀን ይቅርታውን አንተ ትጠይቃለህ?

ጀማሪው፦ በግዕዝ ፊደል እንጻፈውና ይብቃ።

ጸሐፊ፦ ኦካምል አይቀበልም።

ጀማሪው፦ ኤሊክሲር የሚባለው ቋንቋ ይቀበላል። እንቀይር።

ጸሐፊ፦ እዚያ ያለው ኪወርድ ሊስት፣ ስምና ቁጥር የተጣመሩበት ዝርዝር፣ ነው። ስሙን ብትስት ኮምፓይለሩ አይነግርህም። አንድ ቀን ኮዱን ሳትከፍት ቋንቋ ቀይሩ ትላለህ?

ጀማሪው፦ ኮዱን ብቻህን ይዘኸው ማን ይክፈት!

ሊቀመንበር፦ ልጆች፣ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ።

የማታ ተረኛ፦ እኔ የምለው፣ ሁሉም መቀየር የለበትም። አንድ አርጉመንት ላለው ሌብል ምን ይሠራል? ደግሞ ሌብል ያለውን ፋንክሽን እንዳለ ለሊስት ማፕ (ፋንክሽኑን በዝርዝር ላይ አንድ በአንድ ለሚያስኬደው) ብትሰጡት ታይፑ፣ ዓይነቱ፣ አይገጥምም።

ጀማሪው፦ ተመለስኩ። ጋሼ፣ ይቅርታ። ግን ቁቤው ይቅር አላልኩም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለነገሩ ሌብሉን ገበሬው አያየውም። የሚያየው ደረሰኙን ነው። እሱን በሁለቱም ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ እናድርገው።

ነባር አባል፦ ይሄ ነው ቁም ነገር! የማተሚያ ወረቀቱ ስንት ይፈጃል?

ጸሐፊ፦ የአጂፕ ልጅ፣ ቅዳሜ አለፈ እኮ።

ጸሐፊ፦ የአጂፕ ልጅ?

ሊቀመንበር፦ ደረሰኙ ይቅደም። ርዕሱ ይስተካከል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ «የደረሰኝ ቋንቋና የወረቀት በጀት» ብዬዋለሁ። ጆንያውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ለጊዜው በእጅ እቀንሳለሁ።