መኪናችን ጋለች!! አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱ ላይ ቆመናል፣ ከልጆች ጋር ወደ ጎንደር

የልጆች እናት፦
ሰላም ወገኖች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ መኪናችን ጋለች ከፊት ጭስ ወጣ መብራትም በራ ባለቤቴ ዳር ይዞ ኮፈኑን ከፍቷል አሁን ውሃ ልጨምር እያለ ነው እኔ ቆይ አትንካው ልጠይቅ ብዬዋለሁ። ጠዋት ከባህር ዳር ተነስተን ወረታ ቁርስ በላን፣ ያን የፎገራን ሜዳ ልጆቹ በመስኮት እያዩ ደስ ብሏቸው መጥተው አዲስ ዘመንን እንዳለፍን ዳገቱ ላይ ነው ይሄ የሆነው። እማዬና ሦስቱ ልጆች ከኋላ ናቸው፣ ትንሿን አስመልሷታል። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይዘናል። ፖርቹጋሎች የሰሩትን የፋሲልን ግንብ ነገ እናሳያቸው ብለን ነበር። መኪና የምታውቁ ምን እናድርግ???

ጋራዥ ሰፈር፦
የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ!!! ሞተሩን አጥፉት፣ ኮፈኑን ክፍት ተዉት፣ ግማሽ ሰዓት ምንም አትንኩ። ልጆቹን ከመኪናው አውርዳችሁ ከአስፋልቱ ራቅ አድርጓቸው፣ ጥላ ፈልጉ። መኪናዋ ምንድን ነች? መብራቱ ቀይ ነው ሰማያዊ? ኤሲ ከፍታችሁ ነበር?

ችግር የለም፦
ውሃ ጨምሩበትና ሂዱ ምንም አይሆንም። የእኔም ሁሌ እንደዛ ያደርጋታል።

ጋራዥ ሰፈር፦
አይ ወንድሜ አታስጨርሳቸው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል፣ ከዛ በኋላ ወጪው ሌላ ነው። መጀመሪያ ይብረድ።

ፍልቅልቅ፦
እህቴ አይዞሽ፣ ንጉሡም ዳገት ላይ በቅሎ ያሳርፉ ነበር እናንተም አሳርፏት 😄 ለልጆቹ ዳቦ ቆሎ ስጫቸው

የድሮ ሹፌር፦
እህቴ እግዜር በሰላም ያውጣችሁ። ደጋግሜ የምለው ነገር ቢሆንም ዛሬም እላለሁ፣ ቤተሰብ ጭኖ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ፣ ፍሬን አይቶ ነው የሚነሳው፣ ጋራዥ አይተውታል ብሎ ብቻ አይነሳም፣ ራሱ ኮፈን ከፍቶ ያያል። ስድስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ኤሲ ለቆ ዳገት መውጣት ሞተር ማስጨነቅ ነው። ሌላው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ነው፣ ሰው ሁሉ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። ውሃ ባህር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ እናንተ ያላችሁበት ከፍታ ግን ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ በ93 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሞተር ደግሞ በጤናውም 90 ምናምን ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው። ሳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ነው። ለዛ ነው ክዳን በግለቱ ሲከፈት ግፊቱ በአንዴ ለቆ የፈላ ውሃ ፊት ላይ የሚፈነዳው፣ ስንት ሹፌር ፊቱ ተቃጥሏል። የክዳኑ ጎማ ካረጀም ግፊት አይዝም፣ ክዳን ደግሞ ርካሽ ዕቃ ነው።

ታሪክ ወዳጅ፦
እኔ መኪና አላውቅም፣ ፈጣሪ ይርዳችሁ። ግን ልጆቹን ግንቡን ፖርቹጋሎች ሠሩት እንዳትሏቸው አደራ፣ ልጅ በመጀመሪያ የሰማው ነው የሚቀርለት። የፖርቹጋል ወታደሮች የገቡት በ1541 ነው፣ አፄ ፋሲል የነገሡት በ1632፣ ከዛ ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) ከሀገር አስወጥተው ጎንደርን የመሠረቱት በ1636 ገደማ ነው፣ ሁሉንም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። ገና ያባረሯቸውን ሰዎች ቤተ መንግሥት ሥሩልኝ ይላሉ እንዴ? ከሕንድ የመጣ ባለሙያ እጅ አለበት የሚሉ አሉ፣ ቤተ እስራኤሎች በጎንደር በግንበኝነት መሥራታቸው ደግሞ የታወቀ ነው። እነሱን ስማቸውን አንስታችሁ ንገሯቸው።

ችግር የለም፦
ወንድም ሰዎቹ መንገድ ላይ ቆመዋል እኮ አንተ 1541 ትላለህ

የልጆች እናት፦
እሺ ክዳኑን አልነካንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቪትዝ ነች። መብራቱ ቀይ ነው መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ሲል ነበር ባለቤቴ ዳገቱን ልጨርስና ብሎ ትንሽ ሄደ ከዛ ዝም ብሎ በራ። ኤሲ ከፍተን ነበር አዎ። አሁን ደግሞ ከስር ውሃ ይንጠባጠባል እያለ ነው፣ በእኔ በኩል ከፊት፣ እግሬን በማደርግበት አካባቢ። ራዲያተሩ ተቀደደ ማለት ነው??

ጋራዥ ሰፈር፦
ጥሩ ነገር ነገርሽኝ። ቪትዝ ላይ ቀስት የሚያሳይ የሙቀት ጌጅ የለም መብራት ብቻ ነው፣ ሰማያዊው ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለት ነው ምንም አያስደነግጥም፣ ቀዩ ግን ብልጭ ማለት ሲጀምር እዛው መቆም ነው አንድ ሜትር አይጨመርም። ከእግርሽ ስር የሚንጠባጠበው የኤሲ ውሃ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤትሽ በጣቱ ይንካው፣ ንጹህና ቀዝቃዛ ከሆነ የኤሲ ነው ተዉት። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቀለም ካለው፣ እጅ ላይ የሚያሟልጭ ከሆነና ከራዲያተሩ ስር ከፊት ለፊት የሚወርድ ከሆነ ግን ኩላንት ነው። ሁለተኛ፣ ያቺ ነጣ ያለችው የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ላይ መስመር አለ፣ ውሃው ከታችኛው መስመር በታች ነው በላይ? ሦስተኛ፣ ሞተሩ ሲግል ራዲያተሩ ላይ ያለው ፋን ይዞር ነበር?

ከፍራንክፈርት፦
ለምን የመንገድ እርዳታ አትጠሩም? ኢንሹራንስ ውስጥ አለ እኮ መጥተው ጭነው ይወስዷችኋል።

የአዜዞ ልጅ፦
ወንድማችን እዚህ መጎተቻ ከጎንደር ወይ ከባህር ዳር ነው የሚመጣው፣ ይቆያል፣ ዋጋውም እንደዛው። እህቴ ስሚኝ፣ ከአዲስ ዘመን ብዙ ካልራቃችሁ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል፣ ወደ እዛ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ አይጨነቅም፣ ከተማው ላይ መካኒክ አታጡም። ወደ ፊት፣ ወደ እንፍራዝ ከሆነ ግን ገና ዳገት ይቀራችኋል። አንድ ነገር አደራ፣ ቁልቁለት ነው ብላችሁ ሞተር አጥፍታችሁ ማርሽ ዜሮ አድርጋችሁ እንዳትለቋት። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ከሁለት ሦስት እርግጫ በኋላ ድንጋይ ይሆናል መሪውም ይከብዳል፣ በዛ ጥምዝ ላይ ቤተሰብ ጭኖ አይሆንም። የመንገዱን ሁኔታ ከፊት የሚመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ በጨለማ አትንዱ፣ ሳይመሽ ከተማ ግቡ።

ፍልቅልቅ፦
ፋኑ ካልዞረ ከክላክሱ ተበደሩ 😂 የምሬን ነው እህቴ፣ ኮፈን ስር ያለችውን ጥቁር የፊውዝ ሳጥን ክፈቱ፣ ክዳኗ ውስጥ ስዕል አለ የትኛው የፋን እንደሆነ ያሳያል፣ የፋኑን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ዕቃ) ነቅላችሁ ተመሳሳይ ሪሌ ከሌላ ቦታ ተውሳችሁ ሰኩበት፣ የክላክስም ይሁን የሌላ፣ ቁጥሩና እግሮቹ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። እስከ ጎንደር ያለ ክላክስ ትሄዳላችሁ ከብት ሲያጋጥማችሁ እማማ በመስኮት ሂድ ይበሉት

ችግር የለም፦
እኔ አሁንም ውሃ ነው የምለው። ከበረደ በኋላ ውሃ ጨምሩበት።

ጋራዥ ሰፈር፦
ከበረደ በኋላ ካልክ ተስማማን። ፍልቅልቅ ያለውንም ስሙት፣ ሳቅ አድርጎ ጻፈው እንጂ ትክክል ነው። በመጀመሪያ ግን ከበረደች በኋላ ሞተር አስነሱና ኤሲ ክፈቱ፣ ኤሲ ሲከፈት ፋኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን እዩ፣ ፊውዙ ደህና ከሆነ ሪሌውን ቀይሩ፣ አሁንም ካልዞረ የፋኑ ሞተር ሞቷል ማለት ነው። ስትነቅሉ ስትሰኩ ሞተሩ ይጥፋ፣ እጃችሁንም ከፋኑ አርቁ በድንገት ሊነሳ ይችላል። ሌላ አንድ ነገር፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡና እዩት፣ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ወይም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ እየተግተለተለ ከወጣ የቴስታታ ጋስኬት (ቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ሄዷልና በጭራሽ አታስነሷት፣ ተጎትታ ብቻ ነው የምትሄደው።

የልጆች እናት፦
ውሃው ንጹህ ነው ቀዝቃዛ ነው የኤሲ ነው ተመስገን። ዘይቱም ደህና ነው ቡናማ ነው። ፕላስቲኩ ላይ ግን ውሃው ከታችኛው መስመር በታች ነው። እረኛ ልጆች መጥተው ከበውናል አንዱ ልጅ ከቤቱ ጀሪካን ውሃ አመጣልን፣ እማዬ ገንዘብ ልትሰጠው ስትል እምቢ አለ። አሁን ሃምሳ ደቂቃ ሆኖናል ባለቤቴ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ እያለ ሊከፍት ነው። ትንሿ ግንቡ መቼ ነው የምንደርሰው እያለች እያለቀሰች ነው።

የድሮ ሹፌር፦
ልጁን እግዜር ያሳድገው። ክዳኑን መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ ያዙረው፣ ሽሽሽ ካለ ቆም ይበል፣ ድምፁ ሲያቆም ነው ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው። ውሃውን በትንሽ በትንሹ እያደረጋችሁ ሙሉ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ ሞተር አስነሱ፣ አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል ከዛ ደረጃው ይወርዳል እንደገና ጨምሩ። አየር ውስጥ ከቀረ ውሃ ሞልቶም ይግላል። ጎንደር ስትገቡ ያ ውሃ ይፍሰስና ኩላንት ይሞላ።

ታሪክ ወዳጅ፦
ለትንሿ ልጅ እንዲህ በያት፣ ግንብ ለማየት ጎንደር ድረስ መጠበቅ የለባትም። እንፍራዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ ጉዛራ የሚባል ግንብ አለ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት ነው የሚነገረው፣ ማለትም ከፋሲል ይቀድማል። ከላይ ሆነው ጣናን ያዩታል። ነገ ደግሞ ፋሲል ግቢ ስትገቡ ልጆቹን የአንበሳ ቤቱን አሳዩአቸው፣ ከዛ ግንብ በግንብ እየዞራችሁ የፋሲል ይሄ፣ የልጅ ልጃቸው የታላቁ ኢያሱ ይሄ፣ የበካፋ ይሄ፣ የምንትዋብ ይሄ እያላችሁ ንገሯቸው፣ ያኔ አንድ ሰው የሠራው አንድ ሕንፃ እንዳልሆነ፣ እያንዳንዱ ንጉሥ የየራሱን እንደጨመረ በዓይናቸው ያዩታል። የኢያሱ ግንብ ጣሪያው የለም፣ ለምን ፈረሰ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ በ1941 ጣልያን ግቢውን ይዞ ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላን ደብድቦታል፣ ግቢው ያኔ ብዙ ተጎድቷል። ደብረ ብርሃን ሥላሴንም እንዳትዘሉ፣ እማማ ቆመው ጸሎት ያድርሱ ልጆቹ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብለው ይዩ።

የአዜዞ ልጅ፦
ታሪክ ወዳጅ ያለው ልክ ነው ግን ዛሬ ጉዛራ አይወጣም፣ በታመመች መኪና ዳገት አትጨምሩ። ስትመለሱ ጠዋት ላይ ውጡ፣ እስከ ላይ በእግር ይኬዳል ለእማማ ግን ይከብዳል። ፋሲል ግቢ ውስጥም ደረጃዎቹ ዳር ድጋፍ የላቸውም፣ ትንሿን እጇን ያዙ።

የልጆች እናት፦
ሞላን ተነሳች!! ኤሲ ከፈትን ፋኑ ግን አይዞርም ጸጥ ብሏል። ፊውዙ ደህና ነው ባለቤቴ አውጥቶ አየው። አሁን ሪሌውን ሊቀይር ነው ስዕሉ ላይ ሁለት ተመሳሳይ አሉ። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው

ጋራዥ ሰፈር፦
በጣም ጥሩ፣ ዳገት ላይ በቀስታ ስትሄዱ የጋለችውም ለዚህ ነው፣ በሜዳ በፍጥነት ሲሄዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል፣ ዳገት ላይ ግን ፋን ከሌለ ማን ያበርደዋል። ሪሌው ከሠራ ወደ ጎንደር ቀጥሉ፣ ኤሲ ዝጉ፣ ሂተሩን ደግሞ እስከ ጥግ ክፈቱት መስኮት አውርዱ፣ ይሞቃችኋል ግን ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልሠራ ወደ አዲስ ዘመን ተመለሱ። ቀዩ ብልጭ ካለ እዛው ቁሙ። በተለይ ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ዳገቱን ልጨርስ የለም።

ፍልቅልቅ፦
እህቴ ሪሌው ሠራ ወይ? ክላክሱ ነው የተወሰደው ሌላ?

ከፍራንክፈርት፦
ደረሱ እንዴ? ሐሳብ ሆኑብኝ።

የአዜዞ ልጅ፦
እኔ አዜዞ፣ ጎንደር መግቢያ ላይ ነኝ፣ ችግር ካለ እዚሁ ጻፉ፣ የማምነው መካኒክ አለ እልክላችኋለሁ።

ችግር የለም፦
ስልኳ ዘግቶ ይሆናል። ተመስገን ውሃ ሞልተዋል።

ቅዳሜ ተጓዥ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሃል ገባሁ ግን እኔም ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ከሚስቴና ከሁለት ልጆች ጋር ለመውጣት አስቤያለሁ፣ ደብረ ሊባኖስ ተሳልመን በአባይ በረሃ ደብረ ማርቆስ አድረን ባህር ዳር ከዛ ጎንደር። ራቭፎር ነች አውቶማቲክ። መውጫው ላይ እንደነሱ እንዳልቆም ምን ላድርግ?

የድሮ ሹፌር፦
አንተ መውጫውን ፈራህ እኔ የምፈራልህ መውረጃውን ነው። ከበረሃው አፋፍ ከጎሃ ጽዮን ማዶ እስካለው ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ ያንኑ መልሰህ ትወጣለህ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁምና ውሃና ዘይት እይ፣ ልጆቹም ይናፈሱ። ስትወርድ ዲ ላይ ሆነህ ፍሬን እየረገጥክ አትውረድ፣ ዝቅተኛ ማርሽ፣ ኤል ወይም 2 ላይ አድርገህ ሞተሩ ይያዝልህ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ትረግጥና ትለቃለህ፣ ሁልጊዜ እግርህን አሳርፈህበት ከወረድክ ሸራው ይግላል የፍሬን ዘይቱም ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ እስከ መሬት ይወርዳል ግን መኪናው አይቆምም። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ እስኪበርድ ጠብቅ፣ ጎማው ላይ ውሃ እንዳትደፋ ዲስኩ ይጣመማል። ድልድዩን አልፈህ ስትወጣ ኤሲ ዝጋ፣ የጫነ መኪና ከፊትህ ካለ ጥምዝ ላይ አትቅደም። የፍሬን ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ደግሞ አርብ ሳይመሽ አስቀይር።