ቀለም የተቀባ ድንጋይ ከልጆች ጋር መደበቅ፦ ዝናብ እንዳያጥበው ምን ይሻላል?

ናፍቆት ሲያትል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ ሰፈራችን መናፈሻ ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ሥር ቀይ ጥንዚዛ የተሳለበት ድንጋይ አገኙ። ጀርባው ላይ «ውሰደው ወይም ደግመህ ደብቀው» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ታብሌቱን ትተው ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሳይ በጣም ደስ ስላለኝ በደንብ ልንይዘው እንፈልጋለን። የዚህን አገር ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ምን ይደረግ? ድንጋዩንስ ከባሕር ዳር መልቀም ይቻላል? ደሞ ትንሹ፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ የቀባውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ትራሱ ሥር ከቶታል። ልተወው ወይስ ላስለምደው?

ቀለም ወዳድ፦
እህቴ፣ ዋናው ዝግጅቱ ነው። ድንጋዩን በሳሙናና በብሩሽ ፈግፍጊውና ሲደርቅ ይደር፣ እርጥበት ካለው ቀለሙ ይላጣል። ቶሎ እንዲደርቅ ብለሽ ኦቨን ውስጥ እንዳትከቺው፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል። ከዚያ አክሪሊክ የሚባለውን ቀለም ነጩን መደብ አድርገሽ ቀቢው። ነጭ መደብ ከሌለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ቢጫ አይወጣም። ዝርዝሩን በአክሪሊክ ማርከር ሥሩት፣ ፖስካ የሚባለው ማርከር ለልጅ እጅ ይመቻል። ሻርፒ የሚባለው የማይለቅ ማርከር ግን መጨረሻ ላይ የሚቀባው መከላከያ ቫርኒሽ ሲነካው ሊዝረከረክ ስለሚችል የተለፋበት ሥዕል ይበላሻል።

መጨረሻ ላይ ለውጭ የሚሆን ክሊር ስፕሬይ፣ ማለትም ቀለም የሌለው የሚነፋ ቫርኒሽ፣ ስስ አድርገሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ንፊበት፣ በየመሀሉ ይድረቅ። ይሄን ራስሽ ደጅ ወጥተሽ አድርጊው፣ ሽታው ለልጆች አይሆንም። ሞድ ፖጅ የሚባለውን የሚቀባ ማሸጊያ ሙጫ ካልሽ ደግሞ ክላሲክ የሚባለው ዝናብ አይችልም፣ ይነጣና እጅ ላይ ይጣበቃል። «አውትዶር» የሚል የተጻፈበትን ፈልጊ።

ዘ ዴንቨር፦
ስለ ቦታው እኔ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያስብበት እዚህ ላይ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው፣ የተቀባ ድንጋይ ትቶ መውጣትም ቆሻሻ እንደመጣል ይቆጠራል። የከተማና የስቴት መናፈሻዎች ደግሞ ሕጋቸው ይለያያል፣ ባሕር ዳርም እንደዚያው፣ ስለዚህ ጠይቁ። ለድንጋዩ ቀላሉ መንገድ ሆም ዲፖ የሚባለው የቤት ዕቃና የግንባታ ሱቅ ሄዶ ለግቢ ማስዋቢያ የሚሸጠውን ለስላሳ ድንጋይ በከረጢት መግዛት ነው።

ሣር ውስጥ በፍጹም አትደብቁ! የሣር ማጨጃው ካገኘው እንደ ጥይት ነው የሚወረውረው። አብረቅራቂ ብናኝና በሙጫ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ዓይን ይቅርባችሁ፣ ሲረግፍ ወፍና እንስሳ ይውጠዋል። የዛፍ ግርጌ፣ ካስፈቀዳችሁ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ጥሩ ነው። የሚፈልጉት ልጆች ናቸውና በነሱ ቁመት አስቡት።

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት አንዷ ሜጋን መርፊ ናት። በፈረንጆቹ 2015 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ ባሕር ዳር ላይ የማበረታቻ ቃል የተጻፈባቸው ድንጋዮች መተው ጀመረች፣ አንዱን ጓደኛዋ አግኝታው ቀኗን እንዳሳመረላት ነገረቻት። ጌጡ ቢቀር እንኳ አንድ ጥሩ ቃል ይበቃል ለማለት ነው።

እትዬ የልጅ ልጆች፦
ናፍቆት ልጄ፣ ትንሹን እንዳታስገድጂው። የመጀመሪያው የሱ ይሁን፣ ደግ አደረገ። እኔ የልጅ ልጄን ሁለት ሁለት ነው የማስቀባው፣ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለሚደበቀው። አገራችንስ የእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ በወረቀት ሥለው በየጎረቤቱ እየዞሩ ይሰጡ የለ? ይሄንን ነገርኩትና ለመስከረም 1 አደይ አበባ እንሥራ አለ። የጆሮ ማጽጃ ጥጡን ቢጫ ቀለም ውስጥ ነከር አድርጎ ድንጋዩ ላይ ዙሪያውን ጫን ጫን ሲያደርገው አበባው ራሱ ወጣ። ብሩሽ መያዝ ላልለመደ ልጅ ከዚህ የሚቀል የለም። ጀርባው ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ በፊደል ጻፈበት። ሲደብቅ ደግሞ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ኩኩሉ» እላለሁ፣ እሱ «አልነጋም» ይለኛል። አማርኛውም በዚያው ይገባል።

ናፍቆት ሲያትል፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለት ሁለት የሚለውን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ጀርባው ላይ ሌላ ምን ይጻፍ?

ቀለም ወዳድ፦
የከተማችሁ የድንጋይ ግሩፕ ፌስቡክ ላይ ካለ ስሙን ጻፊ፣ ያገኘው ሰው ፎቶ አንስቶ ይለጥፍላችኋል፣ ልጆቹ የት እንደደረሰ ያያሉ። የከተማ ስምም ይበቃል። የልጅ ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ግን በፍጹም አይጻፍ። ስፕሬዩን ከመንፋትሽ በፊት ጻፊው፣ ከላይ ከተጻፈ በአንድ ዝናብ ይሄዳል።