10ኛ ዓመት ጋብቻን በሰርፕራይዝ ማክበር፦ ለእኛ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ጠያቂው (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ወገኖች። ጥር 15 ቀን 2008፣ እሑድ ዕለት ነው የተጋባነው። ጥር 15 ቀን 2018 ድፍን 10 ዓመት ይሞላናል። ባለቤቴ ሳትሰማ ቤቱን በአበባ አስውቤ፣ ዘመድ ጠርቼ፣ በሩን ስትከፍት እልል ልንልላት አስቤአለሁ። አባቴ "ሰርግ አንዴ ነው፤ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" አሉኝ። እህቴ "ይገባታል፣ አድርግላት" ትላለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከቢቸና፦
እኔ ከአባትህ ጋር ነኝ። አባቴና እናቴ 40 ዓመት አብረው ሲኖሩ ቀኑን ቆጥረውት አያውቁም። አባቴ ግን ከገበያ ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅም። አንዳንዴ ሻሽ፣ አንዳንዴ ጥቂት ቡና ይዞላት ይመጣል። ለዲኮርና ለኬክ የሚወጣው ብር ለልጆችህ ደብተር ቢሆን ይሻላል።

ከደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ፣ ሻሹም እኮ ሰርፕራይዝ ነው! ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ስለዚህ ባዕድ ነገር ነው የሚለውን አልቀበልም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ በ5ኛ ዓመታችን እንዲሁ አዘጋጀልኝ። ጤፍ አስፈጭቼ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ ሳይራገፍ በሩን ስከፍት ቤት ሙሉ ሰው አጨበጨበ። ስልኩ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ማታ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ እንባ መሰላቸው። ባለቤቴ እንደሚወደኝ አልጠራጠርም። ግን ያ ቀን የእኔ አልነበረም። እስከዛሬም ደፍሬ አልነገርኩትም።

ከሞጣ፦
እታለም፣ በጣም አዝኛለሁ። እኔ ግን በሰው ፊት መከበሩን እወደዋለሁ። ከሰርጋችን ቀን ወዲያ ማን በሰው ፊት አመስግኖን ያውቃል? ልጅ አሳድገን፣ አማት አስታመን፣ አንድ ቀን "ተባረኪ" ብንባል ምናለበት? ብቻ ተዘጋጅታ ትምጣ። ክርስትና ተጠርተናል በላት። ፀጉሯን ትሠራ፣ የሀበሻ ቀሚሷን ትልበስ። ሚዜዎቿን ጥራላት። ቀረጻ ግን ይቅር።

ከፍኖተ ሰላም፦
አንድ ነገር ልብ በል። ጥር 15 በ2018 የሚውለው ዓርብ ነው። ጾም ነው። ዶሮውም ቅቤ ያለበት ኬክም አይሆንም። ወይ የጾም አድርገው፣ ወይ ወደ ቅዳሜ ግፋው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ዓርብ መሆኑን ጭራሽ አላየሁም! የደብረ ማርቆሷን እህታችንን ሳነብ ደግሞ ባለቤቴ ታየችኝ። እሷም ሰው ሲበዛባት ትደነግጣለች። ሁለታችን ብቻ ጢስ ዓባይ ብንሄድስ?

ሌላ ከባሕር ዳር፦
ጢስ ዓባይ ቅርብ ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን በጥር ውኃው ይሳሳል፤ ለኃይል ማመንጫም ይጠለፋል። ፏፏቴው ከክረምት ማግስት ነው የሚያምረው። ይልቅ በጀልባ ዘጌ ውሰዳት። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማችሁ፣ የግድግዳውን ሥዕል አይታችሁ፣ በቡናው ጫካ ጥላ ለጥላ ቀስ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። ክብራን ገብርኤል ብለህ እንዳትነሳ ግን። እዚያ ሴት አይገባም፤ ለእሷ ባዘጋጀኸው ቀን ደጅ ልትቀር ነው።

ከቢቸና፦
ዓመት መቁጠሩ አሁንም አይዋጥልኝም። ሄዶ መሳለሙን ግን ማን ይቃወማል?

ጠያቂው፦
እንግዲያው ቅዳሜ በጠዋት ዘጌ። ልጆቹን እህቷ ትይዛለች። አባቴን ግን ምን ልበላቸው? ቅር እንዲላቸው አልፈልግም።

ከቢቸና፦
እውነቱን ንገራቸው። ማታ ስትመለሱ ቤት ይጠብቋችሁ። አንድ ብርሌ ጠጅ አቅርብላቸው፤ ሁለታችሁንም ይመርቋችሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦
እኔም ዛሬ ማታ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ።