የስኳር መተግበሪያ ምዘና፦ መጠይቁ ሁልጊዜ 50 ይሰጠናል

ሰላም፣ ደሴ ላይ አንድ የስኳር መከታተያ የስልክ መተግበሪያ ለታካሚዎች ምን ያህል እንደሚመች በኤስዩኤስ (System Usability Scale፣ የአጠቃቀም ምቹነት መለኪያ) መጠይቅ እየመዘንን ተቸግረናል። መጠይቁ 10 ዐረፍተ ነገር አለው፤ መልሱ ከ1 (በጣም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ነው። ከተራ ቁጥር 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 መልስ ላይ 1 ይቀነሳል፤ የተራ ቁጥር 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 መልስ ደግሞ ከ5 ይቀነሳል፤ ድምሩ በ2.5 ይባዛል።

ችግሩ፣ ተራ ቁጥራቸው 2፣ 4... የሆኑት ነቀፌታ ናቸው። ትልልቅ ሰዎች ግን ጠያቂውን ላለማስከፋት ነው መሰለኝ፣ ለሁሉም «እስማማለሁ» ይላሉ። ሁሉም 4 ከሆነ ውጤቱ ልክ 50 ነው፤ ሁሉም 5 ቢሆንም ያው 50!

ሲሠሩ ስናያቸው ግን ሌላ ነው። የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያው 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ያሳያል፤ መተግበሪያው የሚጠብቀው በሚሊ ሞል በሊትር ስለሆነ (ለ18 ሲካፈል 7) ቁጥሩን አይቀበልም። ጧት 1 ሰዓት ቁርስ ሳይበላ የተለካውም 1:00 ተብሎ ሲገባ የሌሊት ልኬት ሆኖ ይመዘገባል።

ነቀፌታዎቹን ወደ አዎንታዊ ብንገለብጣቸው ስሌቱን እንዴት እናስተካክል? በአማርኛ የተፈተሸ ቅጂ ያለው፣ ወይም ማንበብ ለማይችሉ በቃል የጠየቀ ካለ አሠራሩን ቢያካፍለን።