«ዳግም ልደት» ስንል የትኛውን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ሪኢንካርኔሽን» ላይ ቆምኩ፤ ሰው ሞቶ በሌላ ሥጋ እንደገና ይወለዳል የሚለው እምነት ማለት ነው። «ዳግም ልደት» ብዬ ለእህቴ ባነብላት «ስለ ጥምቀት ነው እንዴ?» አለችኝ። ጽሑፉ መንፈሳዊ አይደለም፤ ከሞት በኋላ ምን አለ በሚለው ላይ የሚሟገት ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦
እህትህ ልክ ናት፤ ቃሉ ተይዟል። «ትንሣኤ»ም አይሆንህም። በትንሣኤ የሚነሣው ያው የሞተው ሰው ነው፤ እዚህ ግን ሥጋው ሌላ ነው። እኔ «የነፍስ ዝውውር» እላለሁ። እርግጥ «ዝውውር» ሲባል ደብዳቤ ይዞ ከወረዳ ወረዳ የሚሄድ ሠራተኛ ይመጣብኛል።

ሌላ መልስ፦
ለሂንዱ እምነት ይሠራል፤ ለቡድሃ እምነት ግን አይሆንም። እነሱ የሚዛወር ነፍስ የለም ነው የሚሉት። በአንድ ጥንታዊ የቡድሃ እምነት መጽሐፍ ውስጥ ንጉሥ ሚሊንዳ መነኩሴውን ናጋሴናን «ምንም ሳይሻገር እንዴት ዳግም ይወለዳል?» ብሎ ጠየቀው። መልሱ በመብራት ነበር፦ ከአንዱ መብራት ሌላው ቢለኮስ፣ የመጀመሪያው ተሻገረ ይባላል? የፋሲካን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ይገባዋል። ጧፍህን ከጎንህ ካለው ሰው ጧፍ ትለኩሳለህ። የሱ አልጎደለም፣ ያንተ ግን በራ። የቡድሃ እምነት ሰዎች ለዚህ የሚሉት ቃልም ሲፈታ «ዳግም መሆን» ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
ሁላችሁም «ነፍስ»ን እንደ ዕቃ ያዛችኋት። ከነፋስ፣ ከትንፋሽ ጋር ዘመድ ናት። «ነፍሱ ወጣች» ስንል የሆነ ቦታ የምትሄድ ትመስላለች። «ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ» ስንል ግን ማስተዋል ማለታችን ነው። ሃይማኖት የሌለው ሙግት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ማስተዋል የአንጎል ሥራ ከሆነ፣ አንጎል ሲቆም ይቆማል። መብራት ሲጠፋ «የት ሄደ?» የሚል የለም። ሮማዊው ባለቅኔ ሉክሬቲየስም ከመወለዳችን በፊት ያለው ዘመን አላስጨነቀንም፣ እሱም ከሞት በኋላ ላለው መስታወት ነው ባይ ነው። ደግሞ ያለፈ ሕይወቱን የሚያስታውስ ማን አለ?

መልስ ለሦስተኛው፦
የማስታወሷን ነገር እንኳ ተዋት። ነፍስ ሳላውቅም ነበርኩ እኮ! እናቴ አዝላኝ ገበያ ትሄድ ነበር፤ አንዱም ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛው፦
ለዚያ እናትህ ምስክር አለችህ። ለቀድሞው ሕይወትህ ማን አዝሎህ ነበር?

ጠያቂው፦
በሳቅ ገደላችሁኝ። እሺ፣ ለሂንዱው «የነፍስ ዝውውር»፣ ለቡድሃው «ዳግም መሆን» አልኩ። አሁን የቀረኝ ጸሐፊው «ሰው ሲሞት ያበቃል» ያለበት ነው። «አረፈ» ብል፣ የሚያርፍ አለ ማለት ነው። «ተለየ» ብልም ያው። «ሞተ» ብቻ ልበል?

ሦስተኛው፦
«ሞተ» በል። እኔ ራሴ ግን ለቅሶ ቤት ገብቼ «ነፍስ ይማር» ሳልል ወጥቼ አላውቅም።